ለገመድ የተነገረ ፍቅር

አላቪ ራምላን ካናገራት ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ታሞ ቢሆን ታዝንለት ነበር፤ ጥሏት ሄዶም ቢሆን ትረግመውና ይወጣላት ነበር። እሱ ግን አልታመመም፣ አልሄደምም። እዚያው ከፊቷ፣ ማታንቼሪ ሰፈር በሚገኘው አሮጌ የቅመም መጋዘን ግቢ ውስጥ፣ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ከጓደኞቹ ጋር ሲሳሳቅ ይውላል። ከሻይ ሻጩ ጋር ያወራል። ከሰፈሩ ፍየሎች ጋር ሳይቀር ያወራል። ራምላ ብቅ ስትል ብቻ አፉ ይዘጋል። ዓይኑ ግን አይዘጋም፤ ነገሩን ያከበደባትም ይኸው ነው።

ግቢው በዚህ ሰሞን ለወትሮው የሚያውቁት ግቢ አይደለም። በሁለት ዓመት አንዴ፣ ታኅሣሥ ሲጠባ፣ የወደብ ከተማዋ ኮቺ ከዓለም ዳርቻ በሚመጡ ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ትሞላለች። ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ሲከመርባቸው የኖሩ መጋዘኖች ተጠርገው የትርኢት አዳራሽ ይሆናሉ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ አሁን ግን የራሱ በዓል አድርጎታል። ባለ ሦስት እግር ታክሲ የሚነዳው ሰው እንኳ «ዘንድሮ የኮሪያዊው ሥራ ጥሩ ነው፣ የጀርመኑ ግን ደከም ብሏል» እያለ ለተሳፋሪው ፍርዱን ይሰጣል።

ራምላ የዚሁ ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ኮያ ሀጂ በቁንዶ በርበሬ ንግድ ስማቸው የተጠራ፣ ዝናብ ኖረ አልኖረ ጥቁር ጥላቸውን ከእጃቸው የማይለዩ፣ ቆመው በማዘዝ የታወቁ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሥነ ጥበብ ልማር ስትላቸው ሦስት ወር አኩርፈው ነበር። ዘንድሮ ትርኢቱ ሥራዋን ሲቀበልላት ግን ሥራዋ የሚሰቀልበትን ቦታ ለማየት የመጀመሪያው እሳቸው ሆኑ።

ሥራዋ ጀልባ ነው። አያቷ ቅመም ጭነው ወደ ዐረብ አገር ይልኩባት የነበረችው «ራህማኒያ» የምትባል ትልቅ የእንጨት ጀልባ፣ ቤይፖር በሚባለው ወደብ ጭቃ ውስጥ ተረስታ ስትበሰብስ ራምላ አገኘቻት። አንስታ፣ ገልብጣ፣ ግቢው መሐል እንደ ጣሪያ ከፍ አድርጋ ልትሰቅላት አሰበች። ሰው ከሥሯ ቆሞ በሳንቃዎቿ ክፍተት ሰማይ ያያል፣ ሃምሳ ዓመት እንጨቱ ውስጥ የቀረውን የቁንዶ በርበሬ ሽታም ያሸታል። ጀልባዋ በውሃ መጥታ በመጋዘኑ የኋላ በር ገብታለች፤ ተገልብጣም ተቀምጣለች። የቀረው ማንሳት ብቻ ነበር። ትርኢቱ የሚከፈተው ከነገ ወዲያ ነው።

ዕቃ የሚያነሳው ማሽን በማታንቼሪ ጠባብ መንገድ አይገባም። ስለዚህ አሥራ ሁለት ካላሲዎች ከቤይፖር መጡ። ካላሲ ማለት በገመድ፣ በእንጨት መዘውርና በዜማ ከባድ ነገር የሚያነሳ ሰው ነው። ዜማ የተባለው ለማሳመር አይደለም። አውጪው ካልጠራ ተቀባዮቹ አይጎትቱም፤ አውጪው ሲጠራ ደግሞ አሥራ ሁለቱ ሰዎች አንድ ክንድ ይሆናሉ። የእነዚህ አውጪ አላቪ ነው።

ዛሬ ጀልባዋ ትሰቀላለች። ነገ ጠዋት ካላሲዎቹ በመጀመሪያው ባቡር ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ራምላ ሌሊቱን ስታሰላስል አድራ የወሰነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባቡሩ እስኪሄድ አላለቅስም የሚል። ይህንን እያሰበች ዓይኗ እንባ ሞላ።

*

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል። የእነሱም ነገር የጀመረው በሳቅ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ራምላ በኮምፒውተር የሠራችውን ንድፍ ይዛ መጣች። ምሰሶው እዚህ፣ መዘውሩ እዚያ፣ ክብደቱ ይህን ያህል እያለች ግማሽ ሰዓት አስረዳች። ካላሲዎቹ ዝም ብለው አዳመጧት። ስትጨርስ አላቪ አንገቱን ወደ ጀልባዋ አዙሮ፣ «እትዬ ራምላ፣ ጀልባዋ ይህን ታውቃለች?» አላት።

ደሟ ፈላ። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በማግስቱ ግን ገመዱ ሲወጠር አላቪ ጠራትና ጆሮዋን ገመዱ ላይ እንድታሳርፍ አደረጋት። በውስጡ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። «ይህ ድምፅ ሲወፍር እንቆማለን» አላት። «ንድፉ ትክክል ነው፤ ግን ጀልባዋ የምትናገረው በዚህ ነው።» ራምላ ጆሮዋን ከገመዱ ሳታነሳ ዓይኗን ቀና አደረገች። ፊቱ ቅርብ ነበር። ገመዱ የሚለውን ሰምታ ይሁን የገዛ ልቧን፣ እሷም አልለየችው።

ከዚያ ወዲያ አራት ሳምንት ሙሉ ሥራ ሲቆም በኋላው በር ደረጃ ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ ሙዝ በሎሚ ሻይ ሲበሉ ሰፈሩ ሁሉ ያያቸው ነበር። «እትዬ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ። የካላሲን ወግ ሁሉ ነገራት። እያንዳንዱ ጀልባ የራሱ ጥሪ አለው፣ የመጀመሪያ ቀን ወደ ባሕር ሲገፋ የተጠራለት፤ እሱን አውጪው ለልጁ፣ ልጁም ለልጁ ያስተላልፋል። የራህማኒያን ጥሪ ያወጣው የአላቪ አያት ነበር።

«የመጨረሻው ጉተታ ደግሞ ለብቻው ነው» አላት አንድ ቀን። «አውጪው አንድ ምኞት ይናገራል። እጁ ገመድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አሜን ይላል። አሜን ያለ ሰው ያንን ምኞት ማሰናከል አይችልም፤ ነውር ነው። ያልተስማማ አስቀድሞ እጁን ያነሳል።»

«እጁን ያነሳ ሰው አለ?»

«አጎቴ አንዴ አንስቷል። ምኞቱ የሱ ፍየል ለምሳ እንድትታረድ ነበር።»

ራምላ ሻይዋ ትን እስኪላት ሳቀች። አላቪ አብሯት አልሳቀም፤ ስትስቅ ሲያያት ቆየ። እሷም እንደሚያያት አወቀች።

የቤቷ ነገር ግን ሌላ ነው። ኮያ ሀጂ ለአንዲት ልጃቸው የሄል ነጋዴዎችን ቤት ሲያጩ የኖሩ ሰው ናቸው። ካላሲን ያከብራሉ፤ ማክበራቸው ግን ከጥላቸው ሥር ሆነው ነው። ራምላ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ አንድ ቀን በአፏ መናገር ቢያቅታት ብዕር አነሳች።

«አላቪ፣ እኔ ነገር ማዞር አልችልበትም። ጀልባዋ ስትሰቀል ትሄዳለህ። ሳትሄድ አባቴን ታናግርልኛለህ? ካልፈለግክ እምቢ በለኝ። እምቢታህን እችለዋለሁ፤ ዝምታህን ግን አልችለውም። ራምላ።»

ደብዳቤውን ያደረሰችው ፓቱ ናት። ፓቱ ከጎረቤት መጋዘን በር ላይ ተቀምጣ ሠላሳ ዓመት ዝንጅብል ስትለቅም የኖረች፣ የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ ከዝንጅብሉ ጋር አብራ የምትለቅም ሴት ናት። ወረቀቱን ዝንጅብል ውስጥ ደብቃ ወስዳ ሰጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላቪ ዝም አለ። ከሁሉም ነገር መርጦ አልችለውም ያለችውን ሰጣት።

«እጁ ላይ ነው ያኖርኩት፣ ወላሂ» አለቻት ፓቱ፣ ዛሬም ለአሥረኛ ጊዜ። «ቆሞ አነበበው። ከዚያ ሳመው። ልጄ፣ ወረቀት የሚስም ወንድ እምቢ አይልም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የማያናግረኝ?»

«እኔ የማውቀው ዝንጅብል ነው። ውስጡ የበሰበሰ እንደሆነ ጫን ሳደርገው ይታወቀኛል። ያ ልጅ አልበሰበሰም።»

ራምላ ይህንን ማመን ፈለገች። መፈለጓ ደግሞ ከምንም በላይ አመማት።

*

ሥራው ከቀትር በኋላ ተጀመረ። ግቢው በሰው ሞላ፤ ከየክፍሉ የራሳቸውን ሥራ ጥለው የወጡ የውጭ አገር ሠዓሊዎች፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ የዝንጅብል ለቃሚ ሴቶች፣ ሻይ ሻጩ ከነማሰሮው። ኮያ ሀጂም ጥቁር ጥላቸውን ዘርግተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ፀሐይም ዝናብም አልነበረም።

ሁለት ፍየሎች አብረው ገቡ። አንዷ ጠዋት ከግድግዳው ላይ የራምላን ሥራ የሚያስረዳውን ወረቀት ገንጥላ በልታዋለች። አላቪ ገመዱን ጨብጦ ዙሪያውን ቃኘና ጥሪውን ከእሷ ጀመረ።

«ፍየሏ በላች ወረቀቱን፤»
«ኤለሳ!» አሉ ተቀባዮቹ ሲጎትቱ።
«አሁን ታስረዳን ትርጉሙን!»
«ኤለሳ!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጀልባዋ ከመሬት አንድ ክንድ ተነሳች። መዘውሩን የሚጠብቀው ሽማግሌው አለቃቸው ሞይዱ በእያንዳንዱ ጉተታ ማገጃ እንጨቱን እየሸጎጠ ያዛት። ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት እያለች ወጣች። ራምላ ምሰሶውን ተደግፋ እጆቿን አፏ ላይ ጭና ታያለች። ለአፍታ ኀዘኗን ሁሉ ረሳች፤ የሦስት ዓመት ሕልሟ ከጭቃ ወጥቶ አየር ላይ ነበር።

ሰው ትከሻ ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች።

ከትናንት ወዲያ ሌሊት ከወቅቱ ውጪ የወረደው ዝናብ እንጨቱን ውሃ አስጠጥቶ አክብዶት ኖሯል። አላቪ ጠራ፤ ጎተቱ፤ ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ ጠራ። የአሥራ ሁለቱ ጫማ ሸክላው ላይ ተንሸራተተ። አላቪ ጆሮውን ገመዱ ላይ ጣል አድርጎ ሰማና ለሞይዱ ራሱን ነቀነቀ።

«መዘውሩ ይዟታል፣ አትወድቅም» አለ ሞይዱ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ለመነሳት ግን የኛ ጉልበት አልበቃትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ። ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?»

የመጀመሪያዋ ፓቱ ነበረች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገመዱን ያዘች። ሻይ ሻጩ ማሰሮውን አስቀመጠ። ከብራዚል የመጣችው ሸማኔ በቀለም የተነከረ እጇን ይዛ ገባች። ተማሪዎቹ፣ ጥበቃው፣ ሁለት ጀርመኖች ገቡ። ራምላ ራሷ ገመዱን ልትይዝ ስትል ሞይዱ ከለከላት፤ የዕቃው ባለቤት ከፊት ቆሞ ማየት አለበት አላት። የገመዱ ጅራት ገና ባዶ ነበር። በሩ አጠገብ የቆመው ሰው አንድ ብቻ ቀረ።

ራምላ አባቷን አየች። እሳቸውም ገመዱን ያያሉ። እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር ነበር። ራህማኒያ ወደ ባሕር በተገፋችበት ቀን ኮያ ሀጂ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ገመዱን ልያዝ ብለው ሲሮጡ አባታቸው እጃቸውን በጥፊ መትተው ወደ ጥላው ሥር መለሷቸው፤ የነጋዴ ልጅ ገመድ አይጎትትም ተብሎ። ልጁ አለቀሰ። የዚያን ቀኑ አውጪ ይህንን አይቶ ስለሚያለቅሰው ልጅ አንድ ስንኝ ጣል አደረገ። አባቷ ስንኟን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በበሽታ ተኝተው ሳለ፣ ለራምላ ነግረዋታል። ለማንም እንዳትነግር አስምለዋታል፣ እሷም ለማንም አልተናገረችም።

አላቪ ገመዱን በትከሻው አስተካክሎ ዓይኑን ወደ ጀልባዋ አቀና። ያቺን የራሷን ጥሪ ሊያወጣላት ነበር።

«ከጥላው በታች ያለቀሰው ልጅ፤»
«ኤለሳ!»
«ይጎትትሻል ነገ በገዛ እጅ።»

ራምላ ስንኟን አወቀቻት፤ አባቷ የነገሯት ያቺው ነበረች።

ኮያ ሀጂ ጥላቸውን አጠፉ። አጥፈው የት እንደሚያኖሩት ጠፋቸውና ለፍየሏ ቅርብ ላለው ሕፃን ሰጡት። የነጭ ሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቀለሉ። በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ አገር እያየ፣ ሄደው የገመዱን ጅራት ያዙ። ማንም አልሳቀም። ራምላ አባቷን እንዲህ ወድዳቸው አታውቅም።

*

ጀልባዋ ተነሳች። መጀመሪያ አቃሰተች፣ ከዚያ ተነሳች። ሰዉ አንድ ላይ «ኤለሳ» ሲል ግድግዳው ላይ ያሉ እርግቦች ሁሉ በረሩ። ኮያ ሀጂ ከማንም በላይ ጮኹ።

ከሰው ራስ በላይ ስታልፍ የአላቪ ድምፅ ተለወጠ። ራምላ ለውጡን ከሌላው ሰው ቀድማ ሰማችው። ወደ እሷ አልዞረም። ዓይኑ ገመዱ ላይ ነበር።

«ደብዳቤ መጣ ከዝንጅብል ጋራ፤»
«ኤለሳ!»
«ልቤን አሳደረው ሲያቃጥል ሲያበራ።»
«ኤለሳ!»

ፓቱ ከገመዱ ላይ ሳትላቀቅ አንገቷን ወደ ራምላ አዞረች። ፊቷ ላይ አላልኩሽም የሚል ነገር ነበር።

«አባት ብጠይቅ ቃል አስገብቶኛል፤»
«ኤለሳ!»
«ዘጠኝ ቀን ሙሉ አፌን ዘግቶኛል።»
«ኤለሳ!»

ራምላ የተደገፈችውን ምሰሶ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ጠይቋል። ደብዳቤዋ እንደደረሰው ሄዶ አባቷን ጠይቋል። ዘጠኝ ቀን ስታማው፣ ስትቆጣበት፣ ትራሷን በእንባ ስታርስ የኖረችው፣ እሱ ቃሉን ጠብቆ ነው። ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ከእሷ የማይነቅለው ለምን እንደነበር አሁን ገባት። በአፉ እንዳያናግራት ነው የማለው እንጂ በዓይኑ አልማለም።

«ለገመድ ማውራት ማን ከለከለኝ፤»
«ኤለሳ!»
«ገመዴ ስሚኝ፣ አንቺው አድምጪኝ።»
«ኤለሳ!»

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል። ሽማግሌው ሞይዱ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶት ጢሙን እያሻሸ ወደ ገመዱ ጅራት በስርቆሽ ተመለከተ። ኮያ ሀጂ «ኤለሳ» ማለታቸውን አቁመዋል። እጃቸው ግን ገመዱ ላይ ነው። ፊታቸው ቀልቷል፤ ከድካም ይሁን ከቁጣ አይታወቅም።

ጀልባዋ ከቦታዋ አንድ ክንድ ቀርቷታል። አላቪ እጁን አነሳ፤ ሁሉም ቆመ። ሞይዱ ማገጃውን ሸጎጠ።

«የመጨረሻው ጉተታ ነው» አለ አላቪ። ድምፁ ጠፍቶበት ነበርና ጉሮሮውን ጠረገ። «ወጉን ለማታውቁ፣ እኔ አንድ ምኞት እናገራለሁ፣ እጁ ገመድ ላይ ያለ አሜን ይላል። አሜን ያለ ምኞቱን አያሰናክልም። መዘውሩ ይዟል፤ አንድ እጅ ቢነሳ ጀልባዋ አትወድቅም። ስለዚህ ያልተስማማ ሰው ያለ ሐፍረት እጁን ያንሳ።»

ራምላ እኔን ስጡኝ ሊል ነው ብላ ፈራች። እንዲያ ብሎ አባቷን በሰው ፊት ቢይዛቸው መቼም ይቅር እንደማይሉት ታውቃለች። የምትፈልገውን ሰው አግኝታ አባቷን ልታጣ ነው። አስተውል ልትለው ከንፈሯን አላቀቀች።

አላቪ የጠየቀው ግን ሌላ ነበር።

«ምኞቴ ይህች ናት። ይህችን ጀልባ ከጭቃ ያነሳቻት ልጅ፣ ልቧ የመረጠውን ታግኝ። እኔን ይሁን ሌላ፣ መቅረትም ይሁን መሄድ፣ የመረጠችውን።»

 ሰው ሁሉ ወደ ገመዱ ጅራት ላለማየት ታገለ፣ ሰው ሁሉ ግን አየ። ኮያ ሀጂ እጃቸውን ይመለከታሉ። ቀኝ እጃቸው ላላ አለ። ጣታቸው ከገመዱ ሲላቀቅ ራምላ አየች። 

እጃቸውን አላነሱም። መዳፋቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው መልሰው ጨበጡት፣ ከበፊቱ ጠበቅ አድርገው።

«አሜን» አሉ ኮያ ሀጂ፣ ከሁሉም ቀድመው።

«አሜን!» አለ ግቢው። ራህማኒያ ወጣች።

*

ሞይዱ ገመዱን እስኪያስር ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ከጀልባዋ ሳንቃዎች መሐል የከሰዓት ብርሃን በቀጭን በቀጭኑ ወረደ፤ የቁንዶ በርበሬው ሽታም አብሮት ወረደ። ሰው ሁሉ አንጋጧል። አላቪና ራምላ ብቻ አላንጋጠጡም።

«እንግዲህ» አሉ ኮያ ሀጂ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ምን እንደመረጥሽ ሳላውቅ አሜን አስብለውኛል። ምንድን ነው የመረጥሽው?»

ራምላ ሰው መንገድ እየለቀቀላት በጀልባዋ ሥር አልፋ አላቪ ፊት ቆመች። «ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር» አለችው።

አላቪ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ወደ ኮያ ሀጂ ዞረ። «ጀልባዋ ተሰቅላለች፣ ሀጂ። ልናገር?»

«ሲጮህ ውሎ አሁን ፈቃድ ይጠይቀኛል!» አሉ ኮያ ሀጂ ወደ ሞይዱ ዞረው። «ተናገር እንጂ።»

«አባትሽን በዚያው ዕለት አነጋገርኳቸው» አላት። ዘጠኝ ቀን የናፈቀችው ድምፅ ነበር። «እምቢ አሉኝ። ጀልባዋ እስክትሰቀል አንዲት ቃል እንዳልነግርሽም አስማሉኝ። ደብዳቤሽ ላይ ዝምታን አልችልም ብለሽ ነበር። በየቀኑ አነበው ነበር፣ በየቀኑ ዝም አልኩሽ። ይቅር በዪኝ።»

«ይቅር አልልህም» አለች ራምላ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እየሳቀች። «ዘጠኝ ቀን ዝም ያልከኝን፣ ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ ታወራልኛለህ። አባባ፣ የመረጥኩት እሱን ነው።»

ኮያ ሀጂ ወደ አላቪ ጠጋ አሉ። «ያቺን ስለ ጥላውና ስለ ልጁ ያልካትን ማን አስተማረህ?»

«አያቴ። የዚህች ጀልባ ጥሪ ናት።»

«ልጁ ማን እንደሆነ ነግሮሃል?»

«አልነገረኝም። ባለጥላው ልጅ ነበር የሚለው። አንድ ቀን ይመጣል እያለ ይስቅ ነበር።»

«መጣ እንግዲህ» አሉ ኮያ ሀጂ።  ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉለት። ገመዱ ቆዳውን ልጦት ቀልቷል። ሃምሳ ዓመት ትእዛዝ ሲሰጥ የኖረ እጅ ነውና ለስላሳ ነበር። «ለዚህ ምን ትቀቡበታላችሁ?»

«የኮኮናት ዘይት ነው ሀጂ። እናቴ ከቅጠል ጋር አፍልታ የምታወጣው አለ።»

«እንግዲያው በጠዋቱ ባቡር ሂድና አስመጣልኝ። አንተ ብቻህን ይዘህ እንዳትመጣ፤ እናትህ ራሷ ይዛው ትምጣ። እንዲህ ያለ ነገር በወንድ ልጅ አይላክም።»

አላቪ ለአፍታ አልገባውም። ፓቱ ግን እናቲቱ ለሽምግልና መጠራቷ ገባት፤ የዝንጅብል ሰፌዷን በሁለት እጇ መምታት ጀመረች። ብራዚላዊቷ ሸማኔ ምን እንደተባለ ሳይገባት አብራ አጨበጨበች። ሞይዱ የአላቪን ጀርባ በጥፊ መታው፣ ያኔ ገባው። ራምላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ ማለት ይህ ነው።

ትርኢቱ በተከፈተበት ጠዋት ፍየሏ በበላችው ወረቀት ቦታ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የቀድሞው ስለ ትዝታና ስለ ባሕር ብዙ የሚል፣ ራምላ ራሷ ስታነበው የሚያስተኛት ጽሑፍ ነበር። ይህኛው «ያነሷት እጆች» ከሚል አርእስት ሥር ስም ብቻ የያዘ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ካላሲዎች፣ ፓቱ፣ ሻይ ሻጩ፣ ሸማኔዋ፣ ሁሉም። ኮያ ሀጂ እጃቸው በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ወደ ታች አነበቡት። ስማቸው የለም። እንደገና አነበቡ። ከሁሉ በታች «ባለጥላው ልጅ» ይላል። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት።

ራምላ ሄዳ ልታቅፋቸው ስትል ዓይኗ በሩ ላይ አረፈ። ከሚጋፋው ሰው መሐል አንዲት አጭር ሴት፣ ነጭ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ጠምጥማ፣ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ የዘይት ጠርሙስ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። የመጣችላቸውን ሰዎች እየፈለገች ዓይኗን ከሰው ሰው ታዟዙራለች። ከኋላዋ አላቪ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ቆሟል።

ማንም ምኞት አልተናገረም፣ ገመድም አልያዘችም። ራምላ ብቻዋን አሜን አለች።